ሕጉ ሲወለድ እኛ የት ነበርን?



ባለፈው ሳምንት አንድ ሌሊት በሚኒያፖሊስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ሾፌሮች ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ ላይ ቆሜ ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ ዘወትር ከጎኔ የሚቆሙ፣ ከፔርሙሳቸው ቡና እየቀዱ የሚያጠጡኝ፣ ወደ ሰባ የተጠጉ አንድ የአገሬ ሰው አሉ። እሳቸው «ጋዜጠኛው» ይሉኛል፤ እኔም «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ሰሞኑን ስለጠፉብኝ ስልክ መታሁላቸው።

«ጋሼ፣ ምነው ጠፉ? አሞዎት ነው እንዴ?»

«ኧረ እኔስ ደህና ነኝ፤ የታመመው ስልኩ ነው። ዘጉኝ እኮ!»

«ማን ዘጋዎት?»

«የምሠራበት ኩባንያ ነዋ! አንድ ተሳፋሪ ከሶኝ ነው መሰለኝ። ይኸው ዛሬ 12 ቀኔ። መኪናዋ በር ላይ ቆማ ታየኛለች፤ እኔም አያታለሁ።»

«ታዲያ አልጠየቁም? አቤት አላሉም?»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ማንን?» አሉኝ።

ይህች «ማንን?» የምትባል አንዲት ቃል ሌሊቱን ሙሉ ስትከነክነኝ አደረች። ምክንያቱም እኔም ለብዙ ዓመት ስናገራት የኖርኩ ሰው ነኝ። አገር ቤት ሳለን አቤቱታ ሲጠፋብን «ማንን?» እንላለን። ስደት ወጥተንም ያችኑ ቃል እንደ ሻንጣ ተሸክመናት መጣን። ለጋሼ የመለስኩላቸው መልስ ግን ራሴንም አስገረመኝ። «ጋሼ፣ ሕግ አለ! ለሾፌር የወጣ ሕግ አለ፤ ለምን እንደዘጉዎት በጽሑፍ ሊነግሩዎት፣ እርስዎም እንደገና ይታይልኝ ብለው ሊጠይቁ መብት አለዎት» አልኳቸው።

«የታባቱ! መቼ ወጣ?» አሉ።

እንግዲህ የዛሬው ጽሑፌ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነው። የሕጉ ታሪክ የሚኒሶታ ነው፤ ትምህርቱ ግን ዋሽንግተንም፣ ዴንቨርም፣ ሲያትልም፣ ዳላስም መሪ ጨብጦ ለሚያድረው ወገኔ ሁሉ ነው። እግረ መንገዴንም አንድ ኑዛዜ አለኝ።

ኑዛዜዬን ላስቀድም። ነገሩ የሆነው በ2023 ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። አንድ ሶማሌ ጎረቤቴ፣ እሱም እንደኔ ሾፌር የሆነ፣ ማታ በሬን አንኳኳ። «ነገ ሴንት ፖል፣ ምክር ቤቱ አዳራሽ እንሄዳለን። ስለኛ ክፍያ ሕግ ሊወጣ ነው፤ ሰው ያስፈልገናል። አንተ ደግሞ የተማርክ ሰው ነህ፤ መናገር ትችላለህ» አለኝ። እኔ ምን አልኩት? ሳቅሁ። አዎን፣ ሳቅሁበት! «ወንድሜ፣ ሕግ የሚወጣው አዳራሽ ውስጥ አይደለም። አስቀድሞ ተበልቶ ያለቀ ነገር ነው» አልኩትና በሬን ዘጋሁ። በማግስቱ እንቅልፌን ለጥጬ ተኛሁ።

እንዲህ ያለ ነገር ከሰው አፍ የሚወጣው ከሜዳ ተነሥቶ አይደለም። አዲስ አበባ ጋዜጠኛ ሳለሁ ፓርላማ እየገባሁ እዘግብ ነበር። ረቂቁ ይቀርባል፤ ጥቂት ሰዎች ይናገራሉ፤ አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ» ሲሉ እጅ እንደ ደረሰ ማሽላ ይነሣል። እኛም ዜናውን የምንጽፈው ገና ከመግባታችን በፊት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ የሚጎድለው የድምፁ ቁጥር ብቻ ነው። በ2009 የጸረ ሽብር አዋጁ እንዲያ ባለ አዳራሽ ጸደቀ። በ2012 እስክንድር ነጋ በዚያ ሕግ 18 ዓመት ተፈረደበት፤ ርዕዮት ዓለሙም በመጀመሪያ 14 ዓመት ተፈርዶባት ነበር። በ2010 ምርጫ ደግሞ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ሲወስዱ፣ ክርክር የሚባለው ነገር እንኳ ለወጉ ቀረ። እኛ ሕግ ስንል የምናስበው ከላይ የሚወርድ በረዶ ነው። በረዶን ማን ይጠይቀዋል? ሰብሉን ጥሎበት የሄደ ሰው ዣንጥላ ፍለጋ ይሮጣል እንጂ ሰማይን አይከስም።

ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ስማርም ትምህርቱ ይህን አላረመልኝም። መምህሬ ሕግ እንዴት እንደሚወጣ ለማሳየት ሰሌዳው ላይ ሣጥን በሣጥን፣ ቀስት በቀስት አድርጎ ሥሎ ነበር፤ ከአቅራቢው ወደ ኮሚቴ፣ ከኮሚቴ ወደ ምክር ቤት፣ ከምክር ቤት ወደ አገረ ገዥ። ንጹሕ ሥዕል ነው። ፈተናውንም በደህና ውጤት አለፍኩ። ሥዕሉ ላይ ግን ኮሪደር አልነበረም። ኮሪደሩ ላይ የቆመ ሰውም አልነበረም። ሕጉን የሚያወጣው ግን እሱ ኖሯል!

ወደ ታሪኩ ልመለስ።

ሚኒሶታ ውስጥ 67 አባላት ያሉት ሴኔትና 134 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤት አለ። በ2023 በተጀመረው የምክር ቤት ዘመን፣ እዚያ ዲኤፍኤል እየተባሉ የሚጠሩት ዴሞክራቶች ሴኔቱን የያዙት 34 ለ33፣ ማለትም በአንዲት ድምፅ ብልጫ ብቻ ነበር። ይህን ቁጥር ያዙልኝ። ብልጫው አንድ ሲሆን እያንዳንዱ አባል ወርቅ ነው፤ ማንም እሱን ዘልሎ መሄድ አይችልም።

ከነዚያ 34ቱ አንዱ ኦማር ፋቴህ ይባላል። ከሶማሊያ ከመጡ ስደተኛ ወላጆች ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ የተወለደ፣ በ2020 ተመርጦ የሚኒሶታ ሴኔት የመጀመሪያው ሶማሌ አሜሪካዊ የሆነ ወጣት ነው። በታችኛው ምክር ቤት ደግሞ ሆዳን ሐሰን የምትባል፣ ራሷ ከሶማሊያ በስደት የመጣች ተወካይ ነበረች። ሁለቱ በ2023 ጉባኤ ላይ ስለ ኡበርና ሊፍት ሾፌሮች ረቂቅ ይዘው ቀረቡ። ረቂቁ ለሚኒያፖሊስና ለሴንት ፖል አካባቢ በማይል 1 ዶላር ከ45 ሳንቲም፣ በደቂቃ 34 ሳንቲም ዝቅተኛ ክፍያ እንዲኖር፣ ሾፌርም ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ እንዳይታገድ የሚጠይቅ ነበር።

ከጀርባቸው ማን ነበር? የሾፌሮቹ ማኅበር። አብዛኞቹ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ናቸው። ሌሊት ሲነዱ አድረው፣ ጠዋት ፊታቸውን ታጥበው ያ የወርቅ ፈረሶች አናቱ ላይ የቆሙበት የምክር ቤት ሕንፃ ይገባሉ። ኮሚቴ ፊት ቀርበው በተሰባበረ እንግሊዝኛም ቢሆን፣ ስንት እንደሠሩ፣ ስንት እንደተከፈላቸው፣ ለቤንዚንና ለጎማ ስንት እንደወጣ ይናገራሉ። የኔ ጎረቤት እዚያ ነበር። እኔ ተኝቼ ነበር።

ረቂቁ ሁለቱንም ምክር ቤቶች አለፈ። ኡበር ሕጉ ከተፈረመ ከሁለቱ ከተሞች አካባቢ ውጭ ባለው ሚኒሶታ አገልግሎቴን አቆማለሁ ብሎ አስጠነቀቀ። ሜይ 25 ቀን 2023 አገረ ገዥው ቲም ዋልዝ ረቂቁን ውድቅ አደረጉት። በ2019 ሥልጣን ከያዙ ጀምሮ ምክር ቤቱ ያሳለፈውን ሕግ አልፈርምም ሲሉ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ልብ በሉ፤ ውድቅ ያደረጉት የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች ያመጡትን ሕግ ነው። ሾፌሮቹ ተገቢ ክፍያ ይገባቸዋል፣ ነገር ግን ለዚህ ግብ ትክክለኛው ረቂቅ ይህ አይደለም አሉ፤ ነገሩን የሚያጠና ኮሚቴም አቋቋሙ።

ዜናውን በሰማሁ ጊዜ ምን እንደተሰማኝ አልደብቃችሁም። ደስ አለኝ። ትንቢቴ ሠመረ አልኩ። «ነግሬህ አልነበረም?» ልለው ጎረቤቴን ስፈልገው እቤቱ የለም። ለካስ እነሱ ሌላ ስብሰባ ላይ ናቸው!

ስቴቱ እምቢ ሲላቸው ወደ ከተማው ዞሩ። የሚኒያፖሊስ ከተማ ምክር ቤት በኦገስት 2023 የሾፌሮች ክፍያ ደንብ አወጣ፤ ከንቲባው ጄከብ ፍሬይ ውድቅ አደረጉት። ሁለተኛ መውደቅ። በማርች 2024 ምክር ቤቱ እንደገና አወጣ፤ በማይል 1 ዶላር ከ40፣ በደቂቃ 51 ሳንቲም። ከንቲባው እንደገና ውድቅ አደረጉ። በዚህ ጊዜ ግን ማርች 14 ቀን ምክር ቤቱ 10 ለ3 በሆነ ድምፅ ከንቲባውን ሽሮ ደንቡን አጸደቀው።

ያን ጊዜ ነው ከተማዋ የተናወጠችው። ኡበርና ሊፍት ደንቡ ሥራ ላይ በሚውልበት በሜይ 1 ጥለን እንወጣለን አሉ። ሽማግሌው ሐኪም ቤት በምን ይሂድ? ዓይነ ስውሩ በምን ይመላለስ? ሾፌሩስ የመኪናውን ዕዳ በምን ይክፈል? እኛው ራሳችን ሜዳው ላይ ቆመን ሁለት ወገን ሆነን ተከራከርን። «እነዚህ ሶማሌዎች እንጀራችንን ሊያዘጉት ነው» ያለው ሰው የገዛ ወገኔ ነው፤ አጠገቡ ቆሜ አዎን ብዬ ራሴን የነቀነቅሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ይህንንም ኑዛዜዬ ላይ ደምሩልኝ።

ኩባንያዎቹ ግን አልወጡም። ከተማው ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበትን ቀን ወደ ጁላይ 1 ገፋው። የዚህ ጊዜ ነው ነገሩ ተመልሶ እነ ፋቴህ እጅ የገባው። አሁን ሁሉም ስምምነት ይፈልጋል፤ አገረ ገዥውም፣ ኩባንያዎቹም፣ ከንቲባውም። በ2023 ሾፌሮቹ ለማኝ ነበሩ፤ በ2024 ግን ያለ እነሱ ነገሩ የማይዘጋ ባለ ጉዳይ ሆኑ። የለወጠው ምንድን ነው? ከተማው ውስጥ ያቆሙት ያ ደንብ ነው።

የሚኒሶታ ሕገ መንግሥት ጉባኤው በሜይ ወር እንዲዘጋ ያዛል። በ2024 ረቂቅ ማሳለፍ የሚቻልበት የመጨረሻው ሰዓት የሜይ 19 እኩለ ሌሊት ነበር። ስምምነት ላይ መደረሱ የተነገረው በዋዜማው ቅዳሜ ነው። በመጨረሻው ሌሊት አዳራሹ የገበያ ቀን መሰለ። ከ1,400 ገጽ በላይ የሆነ ጥቅል ሕግ ሳይቀር በዚያው ሰዓት ሲያልፍ፣ ሪፐብሊካኖቹ ተነሥተው እየጮኹ ተቃወሙ። ተቃዋሚዎቹ ማን አንብቦት ነው ማለታቸው አልተሳሳቱም፤ እኔም እንደ ቀድሞ ጋዜጠኛ እንዲህ ያለው ጥድፊያ አይጥመኝም። ብቻ የሾፌሮቹ ሕግ በዚያ ሌሊት አለፈ። ሜይ 28 ቀን፣ ከዓመት በፊት ውድቅ ያደረጉት እኒያው አገረ ገዥ ፈረሙበት። ክፍያው ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ።

አሁን እንግዲህ እንደ ገበሬ እህሉን እንስፈረው። ምን ተገኘ? ምንስ ጎደለ?

ዝቅተኛው ክፍያ በማይል 1 ዶላር ከ28 ሳንቲም፣ በደቂቃ 31 ሳንቲም ሆነ። ጉዞው ምንም ቢያጥር ከ5 ዶላር አያንስም። ለምሳሌ 10 ማይል ርቀትና 20 ደቂቃ የፈጀ ጉዞ እንውሰድ፦ ለማይሉ 12 ዶላር ከ80፣ ለደቂቃው 6 ዶላር ከ20፣ በድምሩ 19 ዶላር ነው። በ2023ቱ ረቂቅ ቢሆን ኖሮ 21 ዶላር ከ30፣ በሚኒያፖሊሱ ደንብ ደግሞ 24 ዶላር ከ20 ይሆን ነበር። ስቴቱ ያስጠናው ጥናት በበኩሉ፣ ሾፌር ከወጪው ተርፎት የሚኒያፖሊስን ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ እንዲያገኝ በማይል 89 ሳንቲምና በደቂቃ 49 ሳንቲም ይበቃዋል ብሎ ነበር፤ በዚያ ሒሳብ ያው ጉዞ 18 ዶላር ከ70 ነው። ስለዚህ ሾፌሮቹ ከጠየቁት አንሶ፣ ጥናቱ ካለው ጥቂት ከፍ ብሎ ተቆረጠ። ድርድር ማለት ይኸው ነው፤ ማንም ሙሉ ሰው ሆኖ አይወጣም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታልና። ይህ ክፍያ የሚቆጠረው ተሳፋሪው መኪና ውስጥ ሳለ ለሚነዳው ማይልና ደቂቃ ነው። ሜዳው ላይ ቆመን ቡና የምንጠጣበት ሰዓት አይቆጠርም። ኩባንያውም ሒሳቡን በእያንዳንዱ ጉዞ ሳይሆን እስከ 14 ቀን በሚደርስ ጊዜ ደምሮ ማሟላት ይችላል። ስለዚህ በአንድ ጉዞ ያነሰ መስሎህ ከመጮህህ በፊት የሁለት ሳምንቱን ደምር። ተሳፋሪ የሚሰጥህ ጉርሻ ግን ያንተ ነው፤ ከዝቅተኛው ክፍያ ጋር አይደመርም። ሾፌሩ በሥራ ላይ ሳለ ለሚደርስበት ጉዳትም መድን እንዲኖር ሕጉ ያዛል። ሾፌር ሲታገድም የእገዳው ደንብ በጽሑፍ የታወቀ፣ ምክንያቱ የተነገረ፣ ይግባኝ የሚባልበትም መንገድ ያለው እንዲሆን ያስገድዳል። ለጋሼ «ሕግ አለ» ያልኳቸው ይህንን ነው።

የተከፈለ ዋጋም አለ። ስቴቱ ሕጉን ሲያወጣ ከተሞች የራሳቸውን የክፍያ ደንብ እንዳያወጡ ከልክሏል። ያ በ10 ለ3 ድምፅ ከንቲባ ተሽሮ የጸደቀው የሚኒያፖሊስ ደንብ በዚያው ተሰረዘ። ነገ ኑሮ ቢወደድና ከተማው ልጨምር ቢል አይችልም፤ ዳግመኛ ስቴቱ አዳራሽ መሄድ ግድ ነው። የዋሽንግተን ስቴትም በ2022 ተመሳሳይ ሕግ ሲያወጣ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ለመላው ስቴት ዝቅተኛ ክፍያ ሰጥቶ የከተሞችን እጅ አሠረ። ኩባንያዎቹ ከየከተማው ጋር ከሚታገሉ ከአንድ ስቴት ጋር መደራደር ይሻላቸዋል። ይህን ማወቅ ለኛም ይጠቅመናል፤ ክርክሩ ወደፊት የት እንደሚሆን ያሳየናልና።

እንግዲህ ለጋሼ በስልክ ይህን ሁሉ ሳስረዳቸው ብዙ ቆየን። በመጨረሻ፣ «ለመሆኑ ይህን ሕግ ያመጣው ማነው?» አሉኝ።

«ኦማር ፋቴህ የሚባል ሴናተር ነው። የልጅዎንም የትምህርት ክፍያ ያቃለለው እሱ ነው» አልኳቸው።

«የምን ትምህርት?»

የጋሼ የመጨረሻ ልጅ እዚሁ ሚኒሶታ የመንግሥት ኮሌጅ ትማራለች። ከ2024 መጸው ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አልተጠየቀችም። ጋሼ ይህን የሚቆጥሩት ለጻድቁ ከገቡት ስለት ጋር ነው። እኔ በስለት አልከራከርም፤ ነገር ግን ስለቱ የደረሰው በሕግ በኩል ነው። በ2023 ጉባኤ ላይ «የሰሜን ኮከብ ቃል ኪዳን» ተብሎ የወጣው ሕግ፣ የቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ ከ80,000 ዶላር በታች የሆነ የሚኒሶታ ነዋሪ ተማሪ በመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲማር፣ ሌላ ርዳታ ሸፍኖለት የሚቀረውን የትምህርት ክፍያ ስቴቱ እንዲከፍልለት ያደርጋል። የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ተማሪዎችም ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ይህን ሕግ በሴኔቱ በኩል ያቀረበው፣ የከፍተኛ ትምህርት ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበረው ያው ፋቴህ ነው።

«የማን ልጅ ነው?» አሉ ጋሼ።

«የሶማሌ ልጅ ነው።»

ስልኩ ውስጥ ዝምታ ሆነ። የዝምታቸውን ምክንያት አውቃለሁ። ጋሼ በ1969 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር፣ ገና የ19 ዓመት ጎረምሳ ሳሉ፣ ታጠቅ ሠልጥነው ወደ ምሥራቅ የዘመቱ ሰው ናቸው። ካራማራ ላይ የጥይት ፍንጣሪ ግራ ትከሻቸው ውስጥ ቀርቷል፤ ሚኒሶታ ሲበርድ ያማቸዋል። አብሯቸው ያደገ የሰፈራቸው ልጅ እዚያው ቀርቷል። ብዙ ጊዜ ከቡናው ጋር ይህን አጫውተውኛል።

«ጋሼ፣ አሉ?»

«አለሁ» አሉ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ስበው፣ «እንግዲህ ልጄን ያስተማረልኝ እሱ ነው በለኛ! ዓለም ዞራ ዞራ…» ብለው ነገሩን አልጨረሱትም። እኔም አልጨረስኩላቸውም።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው። ሕግ እንደ በረዶ ከሰማይ የሚወርድበት አገር አለ፤ ከዚያ መጥተናል። ሕግ እንደ ደቦ እርሻ እጅ በእጅ የሚወጣበት አገርም አለ፤ እዚህ ነን። ደቦ ደግሞ የታወቀ ሥርዓት አለው፤ ያልመጣ ሰው እህሉን አይከለከልም ይሆናል፣ ማሳው በየት በኩል ይታረስ የሚለው ላይ ግን ቃል የለውም። ያ በማይል 1 ዶላር ከ28 ሳንቲም ለኔም ይከፈለኛል። ለመጣው ጎረቤቴና ለተኛሁት ለኔ እኩል ነው። እኩል መሆኑ ነው የሚያሳፍረኝ።

እኛ ሰነፎች አይደለንም። ሰልፍ እናውቃለን። ለአገር ቤት ጉዳይ ዋሽንግተን ድረስ በአውቶቡስ ሌሊቱን ተጉዘን፣ በብርድ ቆመን፣ ድምፃችን እስኪዘጋ ጮኸናል፤ የሚያስከብር ነገር ነው፣ ማንም አይንቀው። ነገር ግን ከቤታችን የ20 ደቂቃ መንገድ ላይ፣ ስለ ገዛ እንጀራችን ሕግ በሚወጣበት አዳራሽ ስንቶቻችን ገብተን እናውቃለን? የሰፈራችንን የስቴት ሴናተር ስም ስንቶቻችን እናውቃለን? የአገር ቤቱን ሚኒስትር ሹመት በደቂቃ ውስጥ እንሰማለን፤ የምንኖርበት ስቴት ያወጣውን ሕግ ግን ዓመት ቆይተን፣ ያውም አካውንታችን ሲዘጋ እንሰማለን።

ይህ ደግሞ ዜግነት ላለው ብቻ የተተወ ነገር አይደለም። ድምፅ መስጠት ለዜጋ ነው፤ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ «እኔ እዚህ እኖራለሁ፣ እዚህ እሠራለሁ፣ የደረሰብኝ ይህ ነው» ማለት ግን ለሁሉም ክፍት ነው። እዚያ ኮሪደር ላይ ከቆሙት ሾፌሮች እንግሊዝኛቸው የተሰባበረ ነበር ብዬአለሁ። የሰበረው እንግሊዝኛ ሕግ አወጣ፤ የኔ የዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ አደረ።

አንዳንዱ «ታዲያ የተገኘው ምንድን ነው? ሳንቲም ነው፤ ያውም የከተማው መብት ተሸጦ» ይለኛል። እውነት አለው። ሕጉ ጎደሎ ነው። ግን ጎደሎ መሆኑን ያወቅነው ስላነበብነው ነው፤ ሊሞላ የሚችለውም እንደገና ተሰብስቦ የሚሄድ ሰው ካለ ነው። በ2023 የወደቀው ረቂቅ በ2024 ሕግ ሆኖ የተነሣው በመካከሉ ያልተኛ ሰው ስለነበረ ነው። ሕግ አውጪው ስሙን ያስጽፋል፤ ረቂቁን ይዞ ይቆማል፤ በአንድ ድምፅ ብልጫ በቆመ ሴኔት ውስጥም ቃሉ ይከብዳል። ይሁን እንጂ ሰው ከኋላው ባይኖር እሱም ብቻውን «ማንን?» ብሎ ይቀር ነበር።

ከጋሼ ጋር ቅዳሜ ተገናኘን። ኮምፒዩተሬን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ፤ ባለቤታቸው ቡና አፈሉ፤ ልጃቸው ከኮሌጅ መጥታ እንግሊዝኛውን አረመችልን። የታገዱበት ምክንያት በግልጽ እንዲነገራቸውና ጉዳያቸው እንደገና እንዲታይ የሚጠይቅ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፈን ላክን። መልሱ ገና አልመጣም። ተሳፋሪው እውነት ተናግሮ ይሁን ሐሰት፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም፤ አላውቅም። ጋሼ ግን ደብዳቤው ሲላክ ጣታቸውን እኔ እንዳሳየኋቸው ቁልፉ ላይ ራሳቸው ጫኑ። «ጠየቅሁ አይደል? እንግዲህ ይመልሱ!» አሉ።

ጎረቤቴም ማታ ደውሎልኝ ነበር። የሾፌሮቹ ስብሰባ በሚቀጥለው ሳምንት አለ። እመጣለሁ ብዬዋለሁ፤ ጋሼም አብረውኝ ይሄዳሉ፤ ፔርሙሱን እሳቸው ይይዛሉ።

ሳምንት ያገናኘን። ቸር ወሬ ያሰማን።